ጥያቄ በመጨረሻ

ሚስባህ፦ ማውሱን መልስልኝ።

አዶኒያስ፦ አልመልስም።

ሚስባህ፦ አንዴ ብቻ። አንድ ነገር ልጫንበትና መልሼ እሰጥሃለሁ።

አዶኒያስ፦ አንዴ ብቻ የሚል ሰው ነው ዕድሜ ልኩን ማውስ ሲያንከባልል የሚኖረው። ማውስ ላላወቀ ሰው ነው። ያወቀ ሰው ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ይታዘዛል፣ አለቀ።

[ጎሮ ነው፤ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚስተናገድባት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት። ቤቷ የአዶኒያስና የሚስባህ ናት። ከሁለት ወር በፊት በደንበኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ፋይላቸውን ሲበላባቸው፣ አዶኒያስ ኮምፒውተሩን ጠራርጎ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነበት። ቫይረሱ ጠፋ። በቫይረሱ ፋንታ አዶኒያስ ራሱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ተርሚናል በሚሉት በጥቁሩ ስክሪን፣ በትእዛዝ ያልተሠራ ሥራ ሥራ አይመስለውም። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ብሶበት፣ ገና ከመግባቱ ሚስባህን ከወንበሩ አስነሥቶ፣ ማውሱን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ቁልፉ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው።]

ሚስባህ፦ እትዬ ብርነሽ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አዶኒያስ፦ አውቃለሁ። አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ሚስባህ፦ ሰባት ከሩብ።

አዶኒያስ፦ አርባ አምስት ደቂቃ። በተርሚናል አርባ አምስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

ሚስባህ፦ አርባ አምስት ደቂቃ።

አዶኒያስ፦ ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ግድግዳ የሚጋሯቸው ልብስ ሰፊው አቶ ገብረዋሕድ ትናንት ማታ አርፈዋል። ልጃቸው ብርነሽ ጠዋት በማለዳ መጥታ፣ በእጇ የጻፈችውን ሦስት ገጽ ሰጥታ፣ የሕይወት ታሪካቸው ተተይቦ እንዲደርስላት አደራ ብላ ሄዳለች። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ አሁን ገና መምጣቱ ነው። አዶኒያስ ወሬውን የሰማው ከአያት ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ አልቅሷል። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ቀብር ላይ፣ የት እንደተሠራ እንጃ፣ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የሌላ ሟች ስም ወጣ። ለቀስተኛው ልቅሶውን አቁሞ እርስ በርሱ ተያየ። ያ ነገር በአቶ ገብረዋሕድ ላይ እንዳይደርስ አዶኒያስ ከልቡ ፈልጓል። ሰው እንደፈለገው አይሆንለትም እንጂ።

አዶኒያስ፦ ተርሚናሉ ተከፍቷል እንዴ? ማን ከፈተው?

ሚስባህ፦ እኔ። መብራቱ ሲመጣ ፕሪንተሩ እስኪነሳ ብዬ…

አዶኒያስ፦ ጎሽ። ሳይታወቅህ እየገባህ ነው።

ሚስባህ፦ እኔኮ ጠዋት…

አዶኒያስ፦ ጥያቄ በመጨረሻ።

ሚስባህ፦ ጥያቄ አይደለም።

አዶኒያስ፦ አስተያየትም በመጨረሻ። አንተ ሥልጠና ገብተህ አታውቅም? አሠልጣኙ ይናገራል። ሠልጣኙ የሚጠይቀውን ደብተሩ ላይ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ዕድል ይሰጠዋል።

ሚስባህ፦ የሻይ ዕረፍትስ?

አዶኒያስ፦ ጻፈው።

[ሚስባህ ከወረቀት መደርደሪያው ላይ ደብተሩን ያወርዳል። እስክሪብቶውን በጣቱ እያንከባለለ ትንሽ ያስባል። ይጽፋል። ሰዓቱንም ከጎኑ ይጽፋል፤ ሰዓት መጻፍ ይወዳል።]

ሚስባህ፦ እዚህ ስክሪኑ ጫፍ ላይ በፊት ረጅም ጽሑፍ ነበረች። የምንሠራበትን ፎልደር የምትናገር። አሁን «አዶኒያስ» ብቻ ትላለች።

አዶኒያስ፦ አሳጠርኳት። ዓይን ትረብሻለች።

ሚስባህ፦ ታዲያ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለን በምን እናውቃለን?

አዶኒያስ፦ እኔ አውቃለሁ።

ሚስባህ፦ ሰኞ እለት «ምንም ከማዘዝህ በፊት ፒ ደብሊው ዲ ብለህ ያለህበትን ፎልደር ጠይቀው» ብለኸኝ ነበር።

አዶኒያስ፦ እሱ ለጀማሪ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ የት ነኝ ብሎ ይጠይቃል?

ሚስባህ፦ መብራት ሲጠፋ እጠይቃለሁ።

አዶኒያስ፦ ጻፈው አልኩህ።

[ሚስባህ ይጽፋል።]

አዶኒያስ፦ አሁን ተከተለኝ። የሕይወት ታሪክ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሚስባህ፦ እትዬ ብርነሽ የጻፉትን እያዩ መተየብ ነዋ።

አዶኒያስ፦ እየው። ለዚህ ነው የማትለወጠው። የሕይወት ታሪክ አንድ ነው፣ የሚለዋወጠው ሰውዬው ነው። አቶ ማሞ ኅዳር ላይ ሲያርፉ የሠራነው አለ አይደል? ምን ይላል? «አቶ ማሞ በወሊሶ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በሹፌርነት ሙያ ወገናቸውን ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ከዚህ ውስጥ ለአቶ ገብረዋሕድ የማይሆነው የቱ ነው?

ሚስባህ፦ ማሞ። ወሊሶ። ሹፌር።

አዶኒያስ፦ ሦስት ቃል። ሦስት ትእዛዝ። ማሞ የሚለውን ገብረዋሕድ፣ ወሊሶን ዓዲግራት፣ ሹፌርን ልብስ ሰፊ። ሌላው ለማንም ይሆናል።

ሚስባህ፦ ሟቿ ሴት ብትሆንስ?

አዶኒያስ፦ ተወለዱ፣ አደጉ፣ አረፉ። የሞተ ሰው አንቱ ይባላል፤ ወንድ ሴት የለውም።

ሚስባህ፦ አቶ ገብረዋሕድ ግን አልታመሙም። ራት በልተው ዜና እያዩ ነው ያረፉት።

አዶኒያስ፦ ታመው ቢሆን ኖሮ ይረዱ ነበር።

ሚስባህ፦ ልጆቻቸውም ሁለት ናቸው። አቶ ማሞ ሰባት ነበሯቸው።

አዶኒያስ፦ ሚስባህ።

ሚስባህ፦ እሺ። እጽፈዋለሁ።

[አዶኒያስ እጅጌውን ይሰበስባል። ጣቶቹን ያንቋቋል። ኪቦርዱ ላይ የሚቀመጠው ፒያኖ ሊመታ እንደተዘጋጀ ሰው ነው።]

አዶኒያስ፦ ይኼ ትእዛዝ ሴድ ይባላል። ይኼን ቃል አውጣ፣ ይኼን ቃል ተካ ትለዋለህ። ባለፈው ሳምንት ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ተራ ጽሑፍ የቀየርኳቸው ለዚህ ነበር። ያኔ ተነጫነጭክብኝ።

ሚስባህ፦ የሠርግ ጥሪዎቹ አበባቸው ጠፍቶ ነው።

አዶኒያስ፦ አበባ ፋይል ያከብዳል። እዚህ ጋ ማሞ፣ እዚህ ጋ ገብረዋሕድ። መጨረሻ ላይ ኮከብ።

ሚስባህ፦ ኮከቧ ምንድን ናት?

አዶኒያስ፦ ኮከብ ማለት እዚህ ያለው ፋይል ሁሉ ማለት ነው። የፋይል ስም በመጻፍ ማን ይደክማል? አቶ ማሞ ካሉት ፋይሎች ያንዱ ውስጥ ናቸው፤ ራሱ ፈልጎ ያግኛቸው።

ሚስባህ፦ ሁሉ?

አዶኒያስ፦ ሁሉ።

ሚስባህ፦ ሁሉም ፋይል ውስጥ ገብቶ?

አዶኒያስ፦ በመጨረሻ።

[ሚስባህ ይጽፋል። አዶኒያስ ኢንተርን ይመታል። ሁለተኛውን ይጽፋል፣ ይመታል። ሦስተኛውን ይጽፋል፣ ይመታል። ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም።]

ሚስባህ፦ ምንም አላለም።

አዶኒያስ፦ ሊኑክስ ሲሳካለት ዝም ይላል። የሚያወራው ሲበላሽበት ብቻ ነው።

[ሚስባህ አዶኒያስን ለረጅም ጊዜ ያየዋል።]

አዶኒያስ፦ ምን ታየኛለህ? አሁን ደግሞ ግሬፕ በሚባለው ትእዛዝ ቆጥረህ ታረጋግጣለህ። ገብረዋሕድ የሚለው ስንት ጊዜ አለ? ይኸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ሚስባህ፦ የአቶ ማሞ ታሪክ አንድ ገጽ ነበር።

አዶኒያስ፦ እና?

ሚስባህ፦ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ስማቸው ከተጠራ፣ የተወለዱበት አይገባም።

አዶኒያስ፦ የታወቁ ሰው ነበሩ።

ሚስባህ፦ እስቲ ከላይ ያለውን ፋይል ክፈተው።

አዶኒያስ መክፈቱን አልወደደውም። ግን የሚያውቅ ሰው ፋይል ለመክፈት አይፈራም፤ ከፈተው። ሚስባህ በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ሚስባህ፦ «ስም፦ እድላዊት ገብረዋሕድ። የትምህርት ደረጃ፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ።» ይቺ እድላዊት የማሞ ልጅ አይደለችም እንዴ?

አዶኒያስ፦ ነበረች።

ሚስባህ፦ እትዬ ብርነሽ እህት አገኙ። ቀጣዩን ክፈት።

አዶኒያስ፦ ቀጣዩ አያስፈልግም።

ሚስባህ፦ የሶሬቲ የሠርግ ጥሪ ነው፤ ትናንት ነው ለሰው ያደለችው። «የጋብቻ ሥነ ሥርዓታችን በዓዲግራት ከተማ…» ወሊሶ ነበር።

አዶኒያስ፦ አሁን ዓዲግራት ነው።

ሚስባህ፦ «አውቶቡስ ከጎሮ አደባባይ ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሳል። የምሳ ሰዓት፦ ሰባት።» አይደርሱም።

አዶኒያስ፦ አይቻለሁ።

ሚስባህ፦ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ቢነሱም አይደርሱም።

አዶኒያስ፦ አይቻለሁ አልኩህ።

ሚስባህ፦ ይኼ ደግሞ የሐጎስ የሥራ ማመልከቻ ነው። «እኔ አመልካች የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ያለኝ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያለ ምንም አደጋ ያሽከረከርኩ ልብስ ሰፊ ስሆን…»

አዶኒያስ፦ ይበቃል።

ሚስባህ፦ ያለ ምንም አደጋ ይላል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው።

[አዶኒያስ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ይፈታል። ውጪ አንድ የታክሲ ረዳት «አያት፣ አያት» እያለ ይጣራል። አዶኒያስ ለአፍታ ወደ በሩ ያያል፤ ተነሥቶ ታክሲው ውስጥ መግባት አምሮታል።]

ሚስባህ፦ ሰባት ተኩል ሆነ። ወደ ኋላ መመለሻው የቱ ጋ ነው?

አዶኒያስ፦ ተርሚናል ወደ ኋላ አይመለስም።

ሚስባህ፦ ማውሱ ላይ ግን መመለሻ…

አዶኒያስ፦ ማውስ አትበለኝ። መመለስ ካስፈለገ በትእዛዝ ነው። ሦስቱን ትእዛዞች እገለብጣቸዋለሁ። ገብረዋሕድ የሚለውን ሁሉ ማሞ፣ ዓዲግራትን ወሊሶ፣ ልብስ ሰፊን ሹፌር። የሄደበት መንገድ ይመልሰዋል።

ሚስባህ፦ ድሮውንም ገብረዋሕድ የነበሩትስ?

አዶኒያስ፦ [ኢንተር እየመታ] በመጨረሻ ብያለሁ።

[ዝምታ። ሊኑክስ ተሳክቶለታል።]

አዶኒያስ፦ ቁጠር። ማሞ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት። አየህ? አንድ አልጎደለም።

ሚስባህ፦ ገብረዋሕድስ?

አዶኒያስ፦ ገብረዋሕድ… ዜሮ።

ሚስባህ፦ ዜሮ።

አዶኒያስ፦ ምንም የለም።

ሚስባህ፦ ይኼውልህ፣ የአቶ ገብረዋሕድ የሱቅ ማስታወቂያ። ለበሩ የሠራንላቸው። «ማሞ ልብስ ስፌት። ሱሪ እናሳጥራለን፣ እናጠባለን።» አቶ ማሞ መርፌ ይዘው አያውቁም።

አዶኒያስ፦ አትንገረኝ።

ሚስባህ፦ ይኼ ደግሞ ቦሌ ለሚ ያለው ፋብሪካ ያሠራን ማስታወቂያ። «መቀስና መርፌ አጠቃቀም የሚያውቁ፣ ሲንጀር ላይ የሠሩ አርባ ሹፌርዎች እንፈልጋለን።»

[የአዶኒያስ ላብ በጀርባው ወርዶ ሸሚዙን ወንበሩ ላይ አጣብቆታል።]

አዶኒያስ፦ ቆይ። አለ። ኪቦርዱ ላይ ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት አለች። ቀደም ሲል የጻፍከውን ትእዛዝ ሁሉ ታስታውሳለች፤ እንደገና መጻፍ የለም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ…

ሚስባህ፦ ስንቴ ነው የሚጫነው?

አዶኒያስ፦ ትክክለኛው እስኪመጣ። ይኸው መጣ። [ይመታል።]

ሚስባህ፦ የቱ ነበር የመጣው?

አዶኒያስ፦ ትክክለኛው።

ሚስባህ፦ አነበብከው?

[አዶኒያስ አሁን ያነበዋል።]

አዶኒያስ፦ የመጀመሪያው ነው።

ሚስባህ፦ ማሞን ገብረዋሕድ የሚያደርገው?

አዶኒያስ፦ እሱ።

ሚስባህ፦ ስለዚህ አሁን ጎሮ ውስጥ ማሞ የሚባል ሰው የለም።

አዶኒያስ፦ የለም።

ሚስባህ፦ ሁሉም ገብረዋሕድ ነው።

አዶኒያስ፦ ሁሉም።

ሚስባህ፦ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት።

አዶኒያስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አንድ ነገር ትዝ አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሊሄድ ሲጣደፍ፣ የወንድሙ ሱሪ ረዝሞበት አቶ ገብረዋሕድ ጋ ሮጦ ገባ። ሽማግሌው ሱሪውን አስወልቀው፣ መጋረጃ አስታጥቀው ጥግ አቁመው፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተው አሳጠሩለት። ክፈል አላሉትም። ሥራውን ግን አላገኘም። ተክዞ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ሱሪው ግን ልክ ነው» አሉት። ያን ቀን ሳይወድ ነው የሳቀው። እኚህ ሰው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራሉ፤ እሱ ደግሞ ስማቸውን ለሰፈሩ ሁሉ አድሎ እሳቸውን ያለ ታሪክ አስቀርቷቸዋል። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

አዶኒያስ፦ ሚስባህ።

ሚስባህ፦ አቤት።

አዶኒያስ፦ ጥያቄ ካለህ… አሁን መጠየቅ ትችላለህ።

ሚስባህ፦ መጨረሻው ደረሰ?

አዶኒያስ፦ ደርሷል።

[ሚስባህ ጉሮሮውን ያጠራል። ደብተሩን ይገልጣል። ገጹ ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ተሻግሯል።]

ሚስባህ፦ የሻይ ዕረፍቱን እዘለዋለሁ። ጥያቄ አንድ፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የተያዘ። የትኛው ፎልደር ውስጥ ነን?

አዶኒያስ፦ የሥራ ፎልደራችን ውስጥ ነዋ። ሌላ የት እንሆናለን?

ሚስባህ፦ ልጠይቀው?

አዶኒያስ፦ እንደፈለግክ አድርግ።

[ሚስባህ ቆሞ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ይጽፋል። ፒ። ደብሊው። ዲ። ኢንተር።]

አዶኒያስ፦ ምን ይላል?

ሚስባህ፦ «የሚስባህ መለማመጃ» ይላል።

አዶኒያስ፦ ምንድን ነው እሱ?

ሚስባህ፦ ረቡዕ እለት «ደንበኛ ፋይል ላይ እንዳትለማመድ፣ ሲ ፒ ብለህ ኮፒ አውጣና ኮፒው ላይ እንደፈለግክ ተበላሽ» ብለኸኝ ነበር። ሁሉንም ኮፒ አወጣሁ። ቅድም ፕሪንተሩ እስኪነሳ እዚያ ገብቼ ስለማመድ ነው አንተ መጥተህ ያስነሣኸኝ።

አዶኒያስ፦ ስለዚህ እነዚህ ሁሉ…

ሚስባህ፦ የኔ ናቸው። የተበላሸው የኔ መለማመጃ ነው።

አዶኒያስ፦ ዋናዎቹስ?

ሚስባህ፦ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሠርጉም ወሊሶ ነው።

[አዶኒያስ ትንፋሹን በረጅሙ ያወጣል። ወዲያው ግን የግድግዳውን ሰዓት ያይና ፊቱ እንደገና ይከስማል።]

አዶኒያስ፦ አሥር ደቂቃ ቀረን። የእትዬ ብርነሽን ወረቀት አምጣ፣ አንተ አንብብልኝ፣ እኔ ልተይብ። ግማሹን እንኳ ካደረስን…

ሚስባህ፦ ጥያቄ ሁለት። ሰባት ከሩብ ላይ የተያዘ ነው፤ ያኔ ጥያቄ አልነበረም፣ አስተያየት ነበር። «እኔኮ ጠዋት» ብዬ ጀምሬ በመጨረሻ ተባልኩ።

አዶኒያስ፦ ጠዋት ምን?

ሚስባህ፦ እኔኮ ጠዋት ጽፌ ጨርሼዋለሁ።

አዶኒያስ፦ ምኑን?

ሚስባህ፦ የአቶ ገብረዋሕድን። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል። የልጃቸውን ወረቀት እያየሁ ተየብኩ፣ የማውቀውንም ትንሽ ጨመርኩበት፣ ለእትዬ ብርነሽ በስልክ አነበብኩላቸው፣ እሺ አሉ። ሊታተም ሲል መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ አንተ መጣህ።

አዶኒያስ፦ ታዲያ ማውሱን ስጠኝ ስትለኝ የነበረው…

ሚስባህ፦ ላትመው ነበር።

ሚስባህ የአዶኒያስን እጅ ገፋ አድርጎ፣ የዋናውን ፎልደር ስም ደብተሩ ላይ እያየ ጻፈና ጽሑፉን ከፈተለት። አዶኒያስ ማንበብ ጀመረ። ሕመም የለበትም። ሰባት ልጆች የሉበትም። ታች አካባቢ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ለቃለ መጠይቅ ለሚጣደፉ የሰፈር ልጆች ሱሪ በነጻ ያሳጥሩ ነበር። ሥራውን ሳያገኙ ሲመለሱም፣ ሱሪው ግን ልክ ነው እያሉ ያጽናኗቸው ነበር።» እዚያ ጋ ሲደርስ ፊደሎቹ ተደበላለቁበት፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

አዶኒያስ፦ ይኼን እንዴት አወቅክ?

ሚስባህ፦ የሱሪውን ነገር አንተ ነህ የነገርከኝ። ጥያቄ ሦስት።

አዶኒያስ፦ አላለቀም?

ሚስባህ፦ የመጨረሻው ነው። ማውስ ክልክል ከሆነ፣ በጥቁሩ ስክሪን ማተሚያው ትእዛዝ ምንድን ነው?

[አዶኒያስ እጁን ኪቦርዱ ላይ ያደርጋል፤ መልሶ ያነሣዋል።]

ሚስባህ፦ ሁለት ወር ሙሉ ስናትም አልነበር? እኔን ወረቀት ግዛ፣ ቶነር አምጣ ብለህ ትልከኛለህ። ስመለስ ታትሞ አገኘዋለሁ።

አዶኒያስ፦ አዎ።

ሚስባህ፦ በምን ነበር የምታትመው?

[አዶኒያስ የሸሚዙን ኪስ ይዳብሳል። ቁልፉን ያወጣል። መሳቢያውን ይከፍታል። ማውሱን አውጥቶ፣ ገመዱን ቀስ አድርጎ ፈትቶ ይሰካዋል። ቀና ሳይል ለሚስባህ ይዘረጋለታል።]

ሚስባህ፦ ማውስ ለማን ነው ያልከኝ?

አዶኒያስ፦ ላላወቀ ሰው።

ሚስባህ፦ እንግዲያው አንተ ጫነው።

[አዶኒያስ ይጫነዋል። ፕሪንተሩ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያጉረመርምና የመጀመሪያውን ወረቀት መትፋት ይጀምራል። ብርነሽ በዚሁ መሀል በሩ ላይ ትቆማለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።]

ብርነሽ፦ ደረሰልኝ?

ሚስባህ፦ ደርሷል፣ እትዬ ብርነሽ። እግዜር ያጽናዎት። እየወጣ ነው፣ ይቀመጡ።

[ብርነሽ አትቀመጥም። ገና የሞቀውን ወረቀት አንሥታ ቆማ ታነባለች። ታች ስትደርስ በአፏ ሳቅ በዓይኗ እንባ አንድ ላይ ይመጣባታል። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ትይዘዋለች።]

ብርነሽ፦ ሱሪው ግን ልክ ነው። ራሳቸው ናቸው። ይቺን ማናችሁ ናችሁ የጨመራችሁት?

አዶኒያስ አፉን ከፈተ። ልማድ ነው፤ ጥሩ ነገር በተሠራ ቁጥር ቀድሞ የሚከፈተው የእሱ አፍ ነው። ሚስባህ ደብተሩን እያጠፈ አየው።

አዶኒያስ፦ ሚስባህ ነው። ሁሉንም እሱ ነው የጻፈው። ከጠዋት ጀምሮ።

ብርነሽ፦ አንተስ የኔ ልጅ?

አዶኒያስ፦ እኔ… ማውሱን ይዤ ነበር።